ስለ ቁጥርና ስለ አደራ

ሰው በንብረቱ ላይ ምልክት የሚያደርገው ስለ ምንድር ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጠልቀው ሲመረምሩት ስለ ሰው ጠባይ ብዙ ያስተምራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ የእኔ የሆነው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋብኝ ነው፤ ሁለተኛው፥ ሌላው ሰው የእኔን የራሴ ነው እንዳይል ነው። የመጀመሪያው የሚመጣው ከመርሳት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከአለመተማመን ነው። መርሳት የአእምሮ ድካም ነው፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። አለመተማመን ግን የምግባር ጉድለት ባለበት ቦታ የሚበቅል እሾህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለወጣቶች ላስረዳ የምፈልገው፥ በዘመናችን የተስፋፋው ረቂቅ ምልክት የመጀመሪያውን ድካም እንደሚያድን፥ ሁለተኛውን ጉድለት ግን ብቻውን ሊያድን እንደማይችል ነው።

ነገሩን ከአገራችን እንጀምር። በመንዝና በግሼ ደጋ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ሜዳ ላይ፥ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት ዓመት ገበሬውን ከችግር የሚያወጣው በጉ ነው። ጸጉሩ ተፈትሎ ባናና ዝተት ይሆናል፤ ቆዳው ይነጠፋል፤ ራሱም ገበያ ወጥቶ ለልጅ ደብተርና ለቤት ጨው ይሸጣል። እንግዲህ በግ ለመንዜ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የቁጠባ ሣጥኑ ነው ማለት ይቻላል። ይኸን ሣጥን የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነው። ልጁ ፊደል ባይቈጥርም በጎቹን በመልካቸው፥ በቀንዳቸው፥ በአረማመዳቸውና በጩኸታቸው ለይቶ ያውቃል። የጎረቤት መንጋ ቢቀላቀልበት የራሱን መርጦ ያወጣል። ይህ እውቀት የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን የእረኛው እውቀት አንድ ጉድለት አለው፤ ይኸውም በእረኛው ራስ ውስጥ ብቻ መኖሩ ነው። ይህች በግ የማን ልጅ ናት? ስትወለድ ስንት ትመዝን ነበር? ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው አውራ በግ ያስወለዳቸው ግልገሎች እንዴት አደጉ? ብለን ብንጠይቀው ልጁ አይመልስልንም። ከዚህም የተነሣ አንድ ትልቅ ጉዳት ሲደርስ ኖሯል። ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው ቶሎ ያደገውንና የወፈረውን ወጠጤ አስቀድሞ ይሸጣል፤ ዋጋ የሚያወጣለት እርሱ ነውና። ከመንጋው ጋር ቀርቶ የሚያስወልደው ደግሞ ገዢ ያላገኘው ደካማው ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ምርጡ በየዓመቱ ወደ ቢላዋ፥ ተራው ወደ ዘር ይሄድ ነበር።

ይኸን ለማቃናት፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ፥ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳና ኢልሪ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች ጋር ሆኖ በመንዝ መንደሮች ውስጥ አዲስ የማርባት ሥራ ጀመረ። ሥራው ከውጭ አገር በግ ማምጣት አልነበረም፤ የመንዝን በግ በመንዜዎቹ እጅ ማሻሻል ነበር። ጎረቤታሞች መንጋቸውን እንደ አንድ መንጋ ቈጥረው ይስማማሉ፤ ግልገሉ ሁሉ በጆሮው ላይ ቁጥር ያለበት ምልክት ይደረግለታል፤ እናቱ፥ የተወለደበት ቀንና ክብደቱ በመዝገብ ይጻፋል። ስድስት ወር ሲሆነው ደግሞ ይመዘናል። ከዚህ በኋላ መዝገቡ ይታያል፤ ገበሬዎቹም ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች አማካይነት መልኩን፥ ቀንዱንና ላቱን አይተው ለዘር የሚሆነውን ይወስናሉ። የተመረጠው አውራ በግ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለብዙ ቤት ያገለግላል።

በዚህ ምልክት ላይ ያለው ቁጥር በዓይን የሚነበብ ነው። በአውሮፓ ግን ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ በብዙ የኅብረቱ አገሮች በጎችና ፍየሎች በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ምልክት እንዲያደርጉ ሕግ ወጥቶባቸዋል። ይህ ምልክት ባትሪ የለውም። በውስጡ ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅልና ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማይበልጥ የሲሊኮን ቺፕ ነው። ሠራተኛው ማንበቢያውን ሲያቀርበው፥ ማንበቢያው በሴኮንድ 134,200 ጊዜ የሚመላለስ መግነጢሳዊ ኃይል ይልካል፤ ይህም ኃይል በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ቺፑም በዚያች ጥቂት ኃይል ነቅቶ ቁጥሩን ይመልሳል። ማንበቢያው ሲርቅ ተመልሶ ይተኛል። ቁጥሩ 15 አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአገር መለያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ 231 ነው። እንግዲህ በጓ የምትናገረው ቋንቋ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ቁጥሯ ነው።

ይህ ነገር በአንድ ሰው አእምሮ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ሲሊኮን የሚወጣው ከአሸዋ ነው። ንጹሕ ሆኖ ሲቀር ኤሌክትሪክን እንደ ብረት አያሳልፍም፤ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ አይከለክልም። ስለዚህ ሴሚኮንዳክተር፥ ማለት ከፊል አስተላላፊ ይባላል። ወጥ ውስጥ እንደሚጨመር ጨው ጥቂት ፎስፎረስ ወይም ቦሮን ሲጨመርበት ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሰውም በፈቃዱ እንዲያሳልፍና እንዲከለክል ሊያዝዘው ይችላል። በ1947 ታኅሣሥ ወር ላይ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ባርዲንና ብራቴን የሚባሉት የአሜሪካ ሊቃውንት ጀርማኒየም ከሚባለው ከሌላው ከፊል አስተላላፊ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ፤ ከሾክሊ ጋርም በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ1958 ጃክ ኪልቢ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ላይ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በመካከሉ፥ በ1948፥ ሃሪ ስቶክማን የተባለ መሐንዲስ የራሱ ኃይል የሌለው ነገር በሌላ ሬዲዮ ኃይል እንዴት መልእክት ሊመልስ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ግን መሣሪያውን ቀደመው። በ1973 ማሪዮ ካርዱሎና ቻርልስ ዋልተን እያንዳንዳቸው የፈጠራ መብት እስኪቀበሉ ድረስ 25 ዓመት ቈየ። ከዚህ የምንማረው ትዕግሥትን ነው፤ እውነተኛ ሐሳብ የሚሸከመው መሣሪያ እስኪወለድለት ድረስ አይሞትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «በግን በስሟና በመልኳ ማወቅ ሲገባ በቁጥር መጥራት የፍቅር ማነስ ነው» ይላሉ። አነጋገራቸው ጥቂት እውነት አለው፤ እኔ ግን ፈጽሜ አልስማማበትም። በመልክ የሚደረግ ምስክርነት ጥሩ የሚሆነው ሰዎቹ እኩል ሲሆኑ ነው። አራት በጎች ብቻ ያሏት አንዲት ባልቴትና መቶ በጎች ያሉት ባለጸጋ በአንዲት በግ ቢከራከሩ፥ ከፍ ያለ ድምፅና ብዙ ዘመድ ያለው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ቁጥር ግን ዘመድ የለውም፤ የባለጸጋውን ጋቢ አይቶ አያፍርም። ደግሞም አባቶቻችን ሌባ ለመፈለግ ይሠሩባቸው የነበሩትን ዘዴዎች እናስብ። በአፈርሳታ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪነገር ድረስ ከሥራው ታግዶ ይውል ነበር፤ ንጹሑም ከበደለኛው ጋር ይቀጣ ነበር። በሌባ ሻይ ጊዜም መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ከዚህ ጋር ሲመዛዘን፥ ንጹሑን ሰው ሳያስጨንቅ እውነቱን የሚያወጣ ምልክት ትልቅ የፍርድ ረዳት ነው። ስለዚህ ፈጠራን በጅምላ መንቀፍ አይገባም።

ይህን ካልኩ በኋላ ወሰኑን ላሳይ። በአገራችን በጎችን በርቢ መስጠት የሚባል የቈየ ልማድ አለ። ከተማ የሚኖር ሰው ወይም ጉልበት ያጣች ሴት እናት በጎችን ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ እርሱ ያረባል፤ ግልገሉን ይካፈላሉ። እንግዲህ በእያንዳንዷ በግ ጆሮ ላይ እጅግ የረቀቀው ቺፕ ተደርጓል እንበል። ባለቤቷ መጥታ በማንበቢያው ብታነብ በጎቿ ያው ራሳቸው እንደ ሆኑ ታውቃለች። ነገር ግን አንዷ በግ መንታ ወልዳ አርቢው አንዱን ግልገል ምልክት ሳይደረግለት ገበያ አውርዶ ቢሸጠው፥ ቺፑ ምን ይላል? ምንም አይልም። እርሱ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ በዚያች ሌሊት በበረት ውስጥ የተወለደውን አያውቅም። በዚያች ሌሊት በባለቤቷና በአርቢው መካከል የቆመው አደራ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ምሳሌ አለ፤ በተለይ ማንበብና መጻፍ የቻላችሁት ወጣቶች ልብ አድርጉት፤ እንደዚህ ያለው ሥራ ነገ ለእናንተ ይሰጣልና። ከላይ በተናገርኩት የማርባት ሥራ ውስጥ መዝገቡን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከመንደሩ የተገኘ ወጣት ነው። የአጎቱ ወጠጤ 14 ኪሎ ቢመዝን፥ እርሱም ለአጎቱ አዝኖ 17 ብሎ ቢጽፍ፥ በዚያ ቀን የሚጮኽ የለም። አጎቱ ይደሰታል፤ በጉ ይመረጣል። ነገር ግን ያ በግ በብዙ ቤት በጎች ላይ ይለቀቃል፤ ግልገሎቹም የልጁን ሐሰት በደማቸው ይዘው ይወለዳሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የአንዲት ድኻ ሴት በጎች ሳያድጉ ሲቀሩ ምክንያቱን ማንም አያውቅም፤ እርስዋም ዕድሌ ነው ብላ ታለቅሳለች። ቁጥሩን ቢያነቡት እውነተኛ ነው፤ በቁጥሩ አጠገብ የተጻፈው ታሪክ ግን ሐሰት ነው። ደግሞም ሐሰት በዓይን ሲታይ ይጠረጠራል፤ በእውነተኛ ቁጥር ጥላ ሥር ሲቀመጥ ግን ይታመናል። ስለዚህ መሣሪያው እየረቀቀ በሄደ መጠን የመዝጋቢው ኃላፊነት አይቀንስም፤ ይጨምራል።

አንድ ጎበዝ ተማሪ «ቺፑ ራሱ ሐሰትን እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። ክርክሩ መልካም ነው። አገራችን በ2017 ዓ.ም. ቺፕ ያለበትን አዲስ ፓስፖርት መስጠት ጀምራለች። እንደዚህ ባለው ፓስፖርት ቺፕ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በሰጪው መንግሥት ረቂቅ ማኅተም የታተመ ነው፤ አንድ ሰው አንዲት ፊደል ቢለውጥ ማንበቢያው ያውቅበታል። ይህ በጣም የሚያስደንቅ ጥበብ ነው። ሆኖም ማኅተሙ የሚመሰክረው ጽሑፉ ከታተመ በኋላ አለመለወጡን እንጂ ሲጻፍ እውነት እንደ ነበረ አይደለም። ሐሰት ተጽፎ ቢታተም፥ ያ ማኅተም ሐሰቱን በታማኝነት ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ቃል ምንጊዜም ከሰው አፍና ከሰው እጅ ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ምልክቱ ከበግ ወደ ሰው ሲሸጋገር የሚነሣውን ጥያቄ እንመልከት። በ1945 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ የሶቪየት ተማሪዎች በሞስኮ ለነበረው ለአሜሪካ አምባሳደር ለሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም በስጦታ ሰጡት። ስጦታው ያማረ ስለ ነበረ በመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በውስጡ ግን ሌቭ ቴርሜን የተባለ ሊቅ የፈጠረው ባትሪ የሌለው መሣሪያ ነበረ፤ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ነቅቶ በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ያስተላልፍ ነበር። እስከ 1952 ድረስ አልታወቀም። ዛሬ በበግ ጆሮ ላይ ያለው ምልክት የዚህ መሣሪያ ዘመድ ነው፤ በሌላ ኃይል ይነቃል፤ ለላከበት ይመልሳል። አንዱ መንጋን ይጠብቃል፤ አንዱ ወዳጅ መስሎ ይሰልላል። ታዲያ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሽቦው አይደለም፤ በሰውየው ሐሳብ ነው።

ስለዚህ በግ የማትጠይቀውን ጥያቄ ሰው መጠየቅ አለበት፤ ይኸውም «ቁጥሬን የሚያነበው ማን ነው? ስለ ምንስ ያነበዋል?» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ፥ የጣቱን አሻራና የዓይኑን ምስል ሰጥቶ የተመዘገበ ሰው 12 አኃዝ ያለበት የፋይዳ ቁጥር ይቀበላል። ቀድሞ «አንተ ማን ነህ?» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት ላልነበረው ድኻ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ከባለጸጋው ጋር እኩል ሰው ሆኖ ይቈጠራልና። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ምስጢር የሚይዝ ሁሉ እንደ ባለ አደራ እንዲጠነቀቅ ያዝዛል። ይህም የተገባ ነው። በግ ለባለቤቷ ንብረት ናት፤ ሰው ግን የማንም ንብረት አይደለም። የሰው ቁጥር ሰውየውን ለማገልገል የተሰጠ እንጂ ሰውየው ለቁጥሩ የተሰጠ አይደለም።

በአገራችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀደመ አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም ማተብ ነው። በጥቁር ወይም በሰማያዊ ክር የተሠራ ቀላል ነገር ነው፤ ቺፕም ሞገድም የለውም። ነገር ግን የአገራችን ሰው «ባለ ማተብ ነው» ሲል ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ማለቱ ነው፤ «ማተቡን በጠሰ» ሲል ደግሞ ከሃዲ ሆነ ማለቱ ነው። ማተብን ያሠረ ሁሉ እውነተኛ ነው አልልም፤ ማተብ ያሠረ ሌባ ሞልቷል። ነገር ግን የሁለቱን ምልክቶች ልዩነት ተመልከቱ። የጆሮው ምልክት ለሌሎች «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ ይናገራል፤ ማተብ ግን ለባለቤቱ ለራሱ «ቃልህን አስብ» ብሎ ይናገራል። አንዱ የሚነበበው ከውጭ ነው፤ አንዱ ከውስጥ። ሰው ሁለተኛውን ምልክት ሲያጣ፥ የመጀመሪያውን በሺህ ቢያበዙለት አይበቃውም። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» እንደሚባለው፥ እምነት የጠፋበት ሕዝብ ምልክት በጨመረ ቁጥር ጥርጣሬውም ይጨምራል።

እንደዚህ ስል ሕግና ቁጥጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በመንዝ የሚገኘውን የጓሳን ሜዳ ተመልከቱ። አባቶች ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ በጋራ ሲጠቀሙበት፥ ለዓመታት ዘግተው እየጠበቁ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፍቱት ነበር። ይህን ልማድ ያጸናው ቺፕ አልነበረም፤ የጋራ ቃልና የጋራ ቅጣት ነበር፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅና የቀድሞው ሥርዓት ሲፈርስ ሜዳው ተጎዳ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ እንደገና ተስማምቶ የጥበቃ ኮሚቴ አቆመና ሜዳው ዳነ። እንግዲህ መልካም ልብ ያለ ሥርዓት ይደክማል፤ ሥርዓትም ያለ መልካም ልብ ባዶ ነው። ሁለቱ እንደ ድርና ማግ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ልብስ አይሆንም።

በልጅነቴ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጻሕፍቱ ሣጥን ቁልፍ አልነበረውም። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ መጽሐፍ የወሰደ ልጅ በደብተሩ ላይ ስሙንና ቁጥሩን ራሱ ይጽፍ ነበር። መምህራችን ሣጥኑን ለምን እንደማይቈልፉት ሲጠየቁ፥ ቁጥሩ መጽሐፉን ለማስታወስ፥ ያልተቈለፈው ሣጥን ደግሞ ልጆቹን ለማሳደግ እንደ ሆነ ይነግሩን ነበር። አንዳንድ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ይኸን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን እኔም ዘመኔን ሁሉ በማስተማር ካሳለፍኩ በኋላ ያ ሥርዓት ትክክል እንደ ነበረ አምናለሁ። ፈተና ሲፈተኑ ቆሜ የጠበቅኋቸው ተማሪዎች አልኰረጁም፤ ስለ ታማኝነታቸው ግን ከዚያ ምንም አላወቅሁም። መስረቅ የማይቻልበት ቦታ የሚቀመጥ ሰው ገና ታማኝ አልተባለም፤ ታማኝነት የሚታወቀው መስረቅ ሲቻል ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ። አንደኛ፥ አዲስ ፈጠራ ሲመጣ አትፍሩት፤ አሠራሩን ተማሩ፤ ከአሸዋ የተሠራ ትንሽ ነገር የባልቴትን በግ ከነጣቂ እጅ ሊያድን ይችላልና። ሁለተኛ፥ ምልክት በሰው ላይ ሲደረግ ማን እንደሚያነበውና ስለ ምን እንደሚያነበው በትሕትናም በድፍረትም ጠይቁ። ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፥ መዝገብ በእጃችሁ ሲገባ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የበግ ሚዛን ቢሆን፥ የተማሪ ማርክ ቢሆን፥ የሰው ዕድሜ ቢሆን፥ ለዘመድ ብላችሁ አትጨምሩ፤ ለጠላት ብላችሁም አትቀንሱ። ቁጥሩን መሣሪያ ያነበዋል። ከቁጥሩ አጠገብ የሚጻፈውን ግን የሚመዝነው የጸሐፊው ኅሊና ነው፤ ለእርሱም እስከ ዛሬ ማንበቢያ አልተሠራለትም።